የእማዬን ክፍል ማሞቅ፦ ከጥቅምት እስከ ጥር

ጥቅምት 19

እማዬ ዛሬም ማታ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ተኛች። እንቅልፍ መጥቶባት አይደለም፣ ብርዱን ሽሽት ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይባላል፤ ሥጋ ኪሎው ስንት እንደገባ የሚያውቅ ያውቀዋል። ስለዚህ ክፍሉን ራሱን ላሞቀው ነው። የማወጣውንም የማበላሸውንም እዚህ እጽፋለሁ።

ክፍሉ 3 በ4 ሜትር ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ወለሉ ሊሾ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ኮርኒስ የለውም። ሳሎኑ አለው፣ የእሷ ክፍል ግን ድሮ ዕቃ ቤት ስለነበር ማንም አላሰበለትም። አልጋው ላይ ተጋድመህ ቀና ስትል አጠናና ቆርቆሮ ነው የሚታይህ፤ ሚስማር በሳተባቸው ቀዳዳዎች በጠራራ ፀሐይ ኮከብ ትቆጥራለህ።

ጅማ ሲባል ሰው ሙቀት ብቻ ይመስለዋል። 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን እኮ። ቀን ሸሚዝ ያስወልቃል፣ ሌሊት ጥርስ ያንገጫግጫል። ለሌሊቱ ክረምቱ ይሻላል ብል አትሳቁብኝ። ክረምት ላይ ደመናው ከላይ ይከድነናል። አሁን ሰማዩ ጥርት ሲል ቀን የሞቀው ሁሉ ሌሊቱን ወደ ላይ ያመልጣል፣ ቆርቆሮ ደግሞ ስስ ነው፣ ከሁሉ ቀድሞ ይቀዘቅዛል። የእኛ ቤት በዚያ ላይ ወደ አዌቱ ወንዝ ወረድ ያለ ቦታ ላይ ነው። ቀዝቃዛ አየር ይከብዳል፣ ቁልቁል ነው የሚሄደው። ጅሬን ኮረብታ አናት ላይ ያሉት ብርዱን ወደ ታች ይሸኙታል፣ እኛ የእነሱን ትራፊ ብርድ እንቀበላለን።

እስካሁን የኖርነው በከሰል ነው። ማታ ማታ ላቀች ምድጃ ላይ ፍም ሞልተን እናስገባላታለን። አንድ ማዳበሪያ ከሰል 850 ብር። ለቡናና ለወጥ ብቻ ከሆነ ወር ያደርሰናል፣ ማሞቂያ ሲጨመርበት ሦስት ሳምንት አይሞላም።

ጥቅምት 22

ቴርሞሜትር ገዛሁ። መርካቶ፣ የኛው የጅማው መርካቶ፣ 450 ብር። ባለቤቴ «አሁን ይሄ ያሞቃታል?» አለች። አያሞቃትም። ግን ሳልለካ ገንዘብ ካወጣሁ የሠራልኝንና ያልሠራልኝን በምን እለያለሁ?

የመጀመሪያውን ሌሊት ግን ራሱን ቴርሞሜትሩን አበላሸሁት። መስኮቱ አጠገብ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነስቼ ሳይ 9 ዲግሪ ይላል። ውጭ አውጥቼ ሳየው 8። ቤት ውስጥና ውጭ አንድ ነው ማለት ነው ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። በኋላ ሲገባኝ የለካሁት ክፍሉን ሳይሆን ከመስኮቱ ጠርዝ የሚገባውን ነፋስ ነው። አሁን በክር አንጠልጥዬ ከትራሷ ትይዩ አደረግሁት። ውጭ 8፣ ውስጥ 11። መነሻችን ይኼ ነው።

ጥቅምት 25

ከጓደኛዬ የኤሌክትሪክ ምድጃ ተዋስኩ። 2,000 ዋት ነው። በ220 ቮልት ሲሰላ 9 አምፔር ገደማ ይስባል ማለት ነው። ይኼን ያሰላሁት ግን ከተቃጠለ በኋላ ነው።

ገመዷ እንደ ስልክ ቻርጀር የቀጠነች ዲቫይደር ላይ ሰካሁት። 40 ደቂቃ ያህል ሰላም ነበር፣ እማዬም ነጠላዋን አወለቀች። ከዚያ የሚነድ ላስቲክ ሸተተን። ስነቅለው ሶኬቱ ጠቁሮ እንደ ማስቲካ ለስልሷል። ሶኬት 120፣ ዲቫይደር 380፣ ድምር 500 ብር ከሰረ።

ባይቃጠልም አያዋጣም ነበር። በቀን ሦስት ሰዓት ቢበራ 6 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 180። ታሪፉ ደግሞ በእርከን ነው፣ በተጠቀምክ ቁጥር የአንዱ ዋጋ ራሱ ይጨምራል። ከሁሉ ያናደደኝ ግን ቴርሞሜትሩ ነው። 17 ደርሶ የነበረው ክፍል ምድጃው በጠፋ በሰዓት ተኩል ውስጥ ተመልሶ 12 ገባ። በወንፊት ውሃ ስቀዳ ነበር። መጀመሪያ ወንፊቱ መደፈን አለበት።

ኅዳር 2

ደፈንኩ ብዬ ነበር።

4 ሜትር ስፋት ያለው ላስቲክ 5 ሜትር ገዛሁ፣ 550 ብር። ከቆርቆሮው ሥር አጠናው ላይ ወጥሬ በሚስማር መታሁት። ሁለት ሰዓት አልፈጀብኝም። የሚያበራ ነጭ ጣሪያ። በጣም ኮራሁ።

ኅዳር 4

ለሊቱ ላይ እማዬ ጠራችኝ። «ልጄ፣ ዝናብ ጀመረ እንዴ?» ውጭ ስወጣ ሰማዩ በኮከብ ተሞልቷል። ተመልሼ ባትሪ ሳበራ ላስቲኩ በሙሉ ጤዛ ለብሷል። የሁለት ሰው ትንፋሽ ነው፤ የእህቴ ልጅ ከእሷ ጋር ነው የምትተኛው። የሞቀው ትንፋሽ ወጥቶ ቀዝቃዛው ላስቲክ ላይ ውሃ ይሆናል፣ ውሃው ደግሞ እየተንሸራተተ መሃል ላይ ይጠራቀማል። ላስቲኩ ልክ ከአልጋው በላይ ሆዱ ተነፍቶ ተንጠልጥሏል። ባልዲ ላመጣ ስሮጥ እማዬ በምርኩዟ ነካ አደረገችው። እንዴት እንደሆነ ልታይ ነው።

ፍራሹ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ዋለ። ላስቲኩን አወረድኩት።

ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን ነው። ሰፈሩ እንደ ልማዱ ቆሻሻውን ሰብስቦ አቃጠለ። በ1911 ያን ሁሉ ሰው የጨረሰው የኅዳር በሽታ ትዝታ ነው ይባላል፣ ለእኛ ግን ልጅ ሆነን ጭስ ውስጥ የምንሮጥበት ቀን ነበር።

የግቢያችን ጭስ ወደ ቤት ሲዞር ሮጬ የእማዬን መስኮት ዘጋሁ። ዘግቼ ዞር ስል ጭሱ መግባቱን አላቆመም። በመስኮቱ ሳይሆን በላይ በኩል፣ ግድግዳውና ቆርቆሮው በሚገናኙበት፣ እንደ ክር እየቀጠነ በየቦታው ይገባል። አንዱ ክር ከማገሩ ጎን፣ አንዱ ከበሩ መቃን በላይ፣ ደህና ወፈር ያለ ደግሞ ከበሩ ሥር። ቆሜ ሳይ ባለቤቴ «ሰውዬው ታመመ እንዴ» ብላ መጣች።

ማታ እጣን አጭሼ ክፍሉን ዞርኩት። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ሰላም ነው፣ ከታጠፈ እዚያ ጋ ቀዳዳ አለ። በጠመኔ ምልክት አደረግሁ። 23 ቦታ! ይኼን ዘዴ ከሁሉም በፊት ባውቀው 1,050 ብር በኪሴ ነበር።

ኅዳር 14 እስከ 18

ጭቃ። አፈር ከግቢ፣ የጤፍ ጭድ ሁለት ማዳበሪያ 300 ብር፣ እበት ከጎረቤት በነፃ። ቸኮልኩና በማግስቱ መረግሁት። ሲደርቅ እንደ ሽማግሌ ተረከዝ ተሰነጣጠቀ።

የጎረቤታችን አባት በአጥር በኩል ሲያዩኝ ቆይተው መጡ። «ልጄ፣ ሊጥ ሳይቦካ ትጋግራለህ? ጭቃም መቡካት አለበት» አሉኝ። ልክ ናቸው። ጭዱ ከአፈሩ ጋር ሦስት አራት ቀን ረጥቦ መረገጥ አለበት፣ ያኔ ይለሰልስና እርስ በርሱ ይያያዛል። እንደገና አቦካሁት። የቀን ሠራተኛ 400 ብር፣ እኔም እስከ ጉልበቴ ገብቼ ስረግጥ ዋልኩ።

አባባ በርጩማቸውን አስመጥተው እዚያው ተቀመጡ። «እኛ ሳር ቤት ሳለን እንዲህ ያለ ብርድ አናውቅም ነበር» አሉ። «ስሙንም ተመልከተው እንጂ፣ ቆርቆሮ! ቆራ ከውስጡ አለ።» ኦሮምኛ ለማይሰማ፣ ቆራ ብርድ ነው። ስቀው ሲያበቁ ያሉትን እያሰብኩ ረገጥኩ። እውነት እኮ ነው፣ ሳሩ ራሱ አይደለም የሚያሞቀው፣ በሳሩ መሃል የታሰረው አየር ነው። ቆርቆሮ ዝናብ ይከላከላል፣ እሳት አይፈራም፣ ዕድሜም አለው፣ አየር ግን አይዝም። እንግዲህ ከቆርቆሮው ሥር ሳር ቤት መሥራት ነው ያለብኝ።

በመጨረሻ በእበትና በአመድ ለሰንነው። ለበሩ ዙሪያ ከሶፋ ቤት የስፖንጅ ቁራጭ 80 ብር፣ ለመስኮቱ መስታወት ስቱኮ 150። በሩ ሥር ያረጀ ጋቢ ጠቅልዬ አስቀመጥኩ።

ኅዳር 20

ሌሊት 11 ሰዓት፦ ውጭ 8፣ ውስጥ 12 ተኩል። ይህን ሁሉ ለፍቼ አንድ ዲግሪ ተኩል። እማዬ ግን «ነፋሱ ጆሮዬን ለቀቀኝ» አለች። ቁጥር የማይናገረው ነገር አለ ማለት ነው።

ኅዳር 21

ይኼን ሳልጽፈው ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር።

ማታ እንደ ወትሮው ቡና ተፈላ፣ እንደ ወትሮው ፍሙ ከነምድጃው እማዬ ክፍል ገባ። ለዓመታት ያደረግነው ነው። ጭሱ ወጥቶ ፍም እስኪሆን ውጭ አቆይተነዋል፣ «ጭሱ ካለቀ ምንም አይል» ነው የምንለው። እኔ ሳሎን ኳስ አያለሁ። አራት ሰዓት ገደማ የእህቴ ልጅ ወጣች። «ራሴን አመመኝ» ብላ ሳትጨርስ አስመለሳት። ምግብ ነው ብለን ስንረባረብ እማዬ ለምን እንዳልተነሳች ትዝ አለኝ። እሷ እኮ ልጅ ሲያስነጥሰው የምትነሳ ሰው ናት።

ስገባ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ትሰማኛለች፣ ግን እግሯ አይታዘዛትም። «ተወኝ ልተኛ» ትላለች። ተሸክሜ በረንዳ ላይ አወጣኋት፣ በሩንም መስኮቱንም በረጋገድኩት። ባጃጅ ጠርተን ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ ገና ሳታያት «ከሰል ነበር?» ነው ያለችው። ኦክስጅን ተደረገላቸው፣ ሊነጋጋ ሲል ሁለቱም ደህና ሆነው ተመለስን።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ፍም ጭስ የለውም እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለው። አይታይም፣ አይሸትም፣ ደም ኦክስጅን የሚሸከምበትን ቦታ ይይዘዋል። እስከዛሬ ያዳነን ጥንቃቄያችን አልነበረም፣ ያ 23 ቀዳዳ ነው። ቀዳዳውን በጭቃ ደፍኜ ከሰሉን እዚያው ተውኩት።

ኅዳር 22

ከዛሬ ጀምሮ ከሰል የእማዬን ክፍል ደጃፍ አያልፍም። ቡና በረንዳ ላይ። እንግዳ ቢመጣም፣ ቢዘንብም።

በተቃራኒ ግድግዳዎች ላይ፣ ከፍ አድርጌ፣ ጡጫ የሚያስገባ ሁለት ቀዳዳ ከፈትኩ። ለአይጥ ወንፊት ሽቦ መታሁበት፣ 100 ብር። ስለፋበት የከረምኩትን ግድግዳ በገዛ እጄ ስበሳው ባለቤቴ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ደግ ሰው ናት። ግማሽ ዲግሪ ወረደ። ይውረድ።

ኅዳር 27 እስከ ታኅሣሥ 3

ኮርኒስ። ችፑድ ጠየቅሁና ዋጋውን ሰምቼ «እሺ እመለሳለሁ» ብዬ ወጣሁ። ጅማ ውስጥ በርካሽ የሚገኝ ምን አለ? ጆንያና ሰጋቱራ። ጆንያው የቡና ነው፣ ያገለገለው አንዱ 70 ብር፣ 15 ገዛሁ፣ 1,050። ሰጋቱራ ደግሞ የጅማ በርጩማና ወንበር ከሚሠሩት እንጨት ቤቶች ነው። ማዳበሪያ ይዘህ ከሄድክ እንደውም ጠረግክልን ብለው ያመሰግኑሃል።

ጆንያዎቹን ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አሰጥቼ በዱላ ደበደብኳቸው። ይኼን አትዝለሉ፣ ከውስጡ የወጣው አቧራ እማዬን አይደለም ግመል ያስነጥሳል። ስድስት ሞራሌ 780፣ ሚስማር አንድ ኪሎ 180። ሞራሌውን ከግድግዳ ግድግዳ አጋድሜ ጆንያውን ከሥር ወጠርኩ፣ ከላይ ሰጋቱራ አራት ጣት ያህል አፈሰስኩበት።

ከዚያ በፊት የመብራት ገመዱ ነበር። አጠናው ላይ እንደ ሐረግ የተጠመዘዘ አሮጌ ገመድ ነው፣ እሱ ላይ ሰጋቱራና ጆንያ መከመር ቤት ማቃጠል ነው። ኤሌክትሪሺያን መጥቶ አዲስ ገመድ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳለፈልኝ። ከነዕቃው 500። የሶኬቱ ነገር አስተምሮኛል።

የመጀመሪያው ሌሊት፦ ውጭ 8፣ ውስጥ 14። ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስት ዲግሪ ያህል ከመነሻው በላይ!

ታኅሣሥ 5

ወደቀ። ሁሉም አይደለም፣ ሁለት ጆንያ። ሰጋቱራው ከታች ካለው ክፍል እርጥበት ሲጠጣ ከብዶ ኖሯል፣ ጆንያው እየረገበ እየረገበ ሄዶ ሚስማሩን ለቀቀ። ደግነቱ ቀን ነው፣ ማንም አልተጎዳም። ከአልጋው እስከ ቁም ሣጥኑ ቡናማ በረዶ የጣለ ይመስል ነበር። የእህቴ ልጅ ብቻ ነች የተደሰተችው።

ታኅሣሥ 7 እስከ 12

ሰጋቱራውን በሙሉ አወረድኩ። በምትኩ ካርቶን። ሱቆች የቴሌቪዥንና የፍሪጅ ካርቶን በነፃ ሰጡኝ። ውስጡ ሽንሽን ያለበትን ነው የመረጥኩት፣ በሽንሽኑ ውስጥ አየር አለ። ሁለት ድርብ ካርቶን ከሞራሌው በላይ፣ ጆንያ ከሥር። ቀላል ነው፣ አይረግብም። ከካርቶኑ እስከ ቆርቆሮው ያለው ባዶ ቦታ ለብቻው ይተነፍሳል፣ ስለዚህ እንደ ላስቲኩ ጤዛ አልያዘም። አራት ሌሊት ጠብቄ በእጄ ዳሰስኩት፣ ደረቅ ነው።

ውጭ 7፣ ውስጥ 14 ተኩል። ክፍሉ ቡና ቡና ይሸታል።

ታኅሣሥ 14

ስድስት ማዳበሪያ ሰጋቱራ ግቢ ተከምሯል፣ ምን ላድርገው? የብረት የቀለም ጣሳ ወሰድኩ። ከሥር ጎኑን በሳሁት፣ መሃሉ ላይ ጠርሙስ አቆምኩ፣ በቀዳዳው በኩል ዱላ አስገብቼ ጠርሙሱ ሥር አደረስኩት። ዙሪያውን ሰጋቱራ ጠቀጠቅኩ። ከዚያ ጠርሙሱንም ዱላውንም ቀስ አድርገህ ስትስብ የጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ይቀርልሃል፣ ከሥር ትለኩሰዋለህ።

የመጀመሪያው ቀን ሰፈሩን አጨስኩት። እርጥብ ነበር። አንዲት ጎረቤት «ኅዳር አልፏል እኮ» ብላ በአጥር ጮኸች። ሦስት ቀን ካሰጣሁት በኋላ ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ነደደ፣ አንድ ትልቅ ብረት ድስት ውሃ አፈላ፣ ከዚያም ሽሮ ሠራ። ይኼም ውጭ ብቻ ነው የሚነደው። ከሰል ላይ የተማርኩትን እዚህ አልረሳም።

የፈላው ውሃ ወደ ፔርሙዝ፣ ከፔርሙዝ ወደ አልጋ። መጀመሪያ በሃይላንድ ሞላሁትና ተጨማደደ፣ አንሶላውን አራሰው። ከፋርማሲ የሙቅ ውሃ ላስቲክ ገዛሁ፣ 350። የፈላ አይጨመርበትም፣ ትንሽ በረድ ብሎ፣ ሁለት ሦስተኛ ያህል፣ አየሩን አስወጥተህ ትከድነዋለህ፣ በፎጣ ትጠቀልለዋለህ። የአዛውንት እግር ቶሎ አይሰማም፣ ሳያውቁት ይቃጠላል። ከመተኛቷ ግማሽ ሰዓት በፊት እግርጌ ይገባል፣ ስትተኛ ይወጣል።

ታኅሣሥ 18

ቀና ብዬ ጣሪያውን ሳይ ከርሜ ከታች ያለውን ረስቼ ነበር። አልጋው ርብራብ ነው፣ ፍራሹ ስስ ነው። ከላይ ሁለት ብርድ ልብስና ጋቢ አለ፣ ከሥር ግን ብርዱ እንደልቡ ይገባል። የተረፈ ካርቶንና ሁለት ጆንያ ከፍራሹ ሥር፣ አጎዛዋ ደግሞ አልጋው ግርጌ ሊሾው ላይ፣ ስትነሳ የምትረግጠው። ወጪ ዜሮ። ከሠራሁት ሁሉ እማዬ የመረቀችኝ በዚህ ነው።

ጥር 2

ገና አለፈ፣ ሒሳብ። እስካሁን 5,390 ብር ወጥቷል። ከዚያ ውስጥ ዲቫይደሩ፣ ሶኬቱና ላስቲኩ 1,050 ብር የሞኝ ነው። የሌሊቷን ባጃጅ አልቆጠርኩም። ታኅሣሥ 3 የገዛነው ከሰል ገና ዛሬ ነው ያለቀው፣ በዓሉንም ጨምሮ። እንደገና ብሠራው ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ መጀመሪያ የአልጋው ሥር፣ ከዚያ ካርቶኑና ጆንያው፣ ከዚያ እጣንና ጭቃ፣ ጭቃው ሳይጀመር ደግሞ ከሰሉ ይውጣ።

የዛሬ ሌሊት የወቅቱ ቀዝቃዛ ነው፦ ውጭ 5፣ ውስጥ 13 ተኩል። ማታ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ እማዬ ገና ሳሎን ተቀምጣ ድራማ ታያለች።

ጥር 6

ሌሊት ኮርኒሱ ላይ የሆነ ነገር ከዳር እስከ ዳር ሮጠ። ጠዋት ወንፊቱን ሳይ ደህና ነው፣ በሌላ በኩል ነው የገባው። ካርቶኑን ሊበላብኝ ነው ብዬ ወጥመድ ልገዛ ስወጣ እማዬ ከአልጋዋ ላይ ሆና «ተወው እቴ፣ እሱም በርዶት ነው» አለችኝ። ወጥመዱ 90 ብር ነው።